ካሮቲድ ከካሮት አልመጣም፣ «እንቅልፍ» ማለትም አይደለም

መጀመሪያ ልናዘዝ፦ «ካሮቲድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ስሰማ የካሮት ዘመድ መስሎኝ ነበር። ኢንጂነር ነኝ፣ አትፍረዱብኝ። ካሮቲን ከካሮት ነው የመጣው፤ ካሮቲድ ግን ከካሮት አልመጣም።

እስቲ ሁለት ጣታችሁን ከማንቁርታችሁ በአንዱ ጎን ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ። እዚያ የሚመታው ካሮቲድ ነው፤ ወደ ጭንቅላት ደም የሚያደርስ ደም ቅዳ ቧንቧ። በሌላውም ጎን አንድ አለ።

ስሙን የሚያብራሩ ብዙ ጽሑፎች «ካሮስ በግሪክ እንቅልፍ ነው፤ ቧንቧው ሲጫኑት ያስተኛል» ብለው ያልፋሉ። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ለተራው እንቅልፍ ግሪኮች «ሂፕኖስ» የሚል ቃል አላቸው። ካሮስ ከባድ ድንዛዜ ነው፤ የእኛ «ሰመመን» ይቀርበዋል። «እንቅልፍ» ስትሉት አደጋው ይጠፋል። ጓደኛን አንገቱን ይዞ «ማስተኛት» ጨዋታ የሚመስላቸው ልጆች እኮ አሉ! ያ ልጅ አልተኛም፤ አንጎሉ ደም አጥቶ ራሱን እየሳተ ነው። ሊሞትም ይችላል።

ሌላው ቅሬታዬ ክርክሩን መዝለላቸው ነው። ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሐኪም ሩፉስ ዘኤፌሶን፣ ስሙን ያወጡት የጥንት ሰዎች እንደተሳሳቱ ጽፏል። ድንዛዜው ከቧንቧው ሳይሆን አጠገቡ ካሉት ነርቮች ነው ባይ ነው።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ሁለቱም፣ በከፊል። ቧንቧዎቹ ሲታፈኑ አንጎል ደም ያጣል፤ ይህ ለጥንቶቹ ነጥብ ነው። ግን ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ግድግዳው ውስጥ የነርቭ ጫፎች አሉ። በእኔ ሙያ ቋንቋ የግፊት ሴንሰር በሏቸው። የደም ግፊት ሲጨምር ግድግዳው ይለጠጣል፣ መልእክት ወደ አንጎል ግንድ ይሄዳል፣ ልብ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ከውጭ ስትጫኑት ሴንሰሩ ይሸወዳል፤ ግፊት የጨመረ ይመስለዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ልብ ከመጠን በላይ ዝግ ትልና ሰውየው ይወድቃል። ትርታ ስትለኩ አንድ ጎን ብቻ፣ ያውም በስሱ የሚባለው ለዚህ ነው። ሄሪንግ ይህንን ምላሽ በ1920ዎቹ አሳየ። ቤልጂየማዊው ሄይማንስ ደግሞ ይኸው ቦታ በአተነፋፈስ ላይ ስላለው ሚና ባደረገው ምርምር የ1938 የኖቤል ሽልማትን አገኘ።

እንደ ኢንጂነር ብትጠይቁኝ ካሮቲድ መጥፎ ስያሜ ነው። የውሃ መስመርን «ሲዘጋ የሚያስጠማው» ብሎ እንደመጥራት በሉት፤ ሥራውን ትቶ ብልሽቱን ነው የሚናገረው። ይቀየር ግን አልልም። ሩፉስ የተከራከረው እኮ በዚህችው ስም ሰበብ ነው።