ስለ አሮጌ መንኰራኵርና ስለ እውነተኛ ነቀፋ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነቀፋ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ይጠላዋል። የሚነቅፍ ሰው ምቀኛ፥ የሚያመሰግን ሰው ግን ወዳጅ ተደርጎ ይቈጠራል። እኔ በአንድ አሮጌ የብስክሌት መንኰራኵር ምክንያት ነገሩ እንዲህ ብቻ እንዳልሆነ ተምሬአለሁና ልተርክላችሁ እወዳለሁ።

ባለፈው ክረምት የአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ ሁለት አሮጌ የውድድር መንኰራኵሮች ተሸክሞ በቡታጅራ ካለው ቤቴ መጣ። በሱቅ ተላላኪነት ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሊያወጣባቸው ቀብድ ከፍሎአል። «ጋሼ፥ እስቲ ይዩልኝ፤ የጣሊያን ናቸው!» አለኝ። በሞዞው ላይ ካምፓኞሎ የሚል ስም ተቀርጾአል።

ስሙ በከንቱ የተከበረ አይደለም። ቱሊዮ ካምፓኞሎ ራሱ የብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረ ሰው ሲሆን፥ ፋብሪካውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 በቪቼንዛ ከተማ አቋቋመ። ብስክሌት መውደድም ለአገራችን ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ስለዚህ ልጁ በመመኘቱ አልነቅፈውም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ነገር ግን በብረት ላይ የተቀረጸ ስም ብረቱ ከተሠራ በኋላ ስንት ቁልቁለት እንደ ወረደ አይናገርም።

«ልጄ፥ ከማመስገናችን በፊት እንመርምር» አልሁት። መጀመሪያ የሞዞውን ዘንግ በሁለት ጣቴ ይዤ አዞርሁት፤ ሳይንገጫገጭ ለስልሶ ዞረ፤ ኩሽኔታው ደኅና ነው። የኋለኛው ሞዞ ስፋት 126 ሚሊ ሜትር ሲሆን የልጁ ብስክሌት 130 የሚቀበል ነው፤ ይህ ግን በሮንዴላ የሚስተካከል ትንሽ ጉድለት ነው። ቀጥዬ የማስመሪያ ጠርዝ ፍሬኑ በሚነክሰው በቸርኬው ጎን ላይ አጋደምሁ። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ታየ፤ ይኸውም ፍሬኑ ለብዙ ዘመን አሉሚኒየሙን እየፋቀ መካከሉን አጎድጕዶታል ማለት ነው። በመጨረሻም ጥቂት ጥጥ ወስጄ ሽቦዎቹ በሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ባሻሽ በሦስት ስፍራ ተያዘ። ቀርበን ብናይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘን።

በዚህ ጊዜ ዝም እንድል ልቤ ፈተነኝ። የልጁን ደስታ ማፍረስ ከበደኝ። ነገር ግን አንድ አሮጌ ነገር ትዝ አለኝ።

በ1968 ዓ.ም. በወልቂጤ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከአስመራ የመጣ የውድድር ብስክሌት ገዝቶ አሳየኝ። ጎማው ከመነዳሪ ለብቻው የሌለው፥ በሙጫ ከቸርኬው ጋራ የሚጣበቅ ዓይነት ነበር። በአውራ ጣቴ ገፋ ባደርገው ከጠርዙ ተላቀቀ፤ ሙጫው ደርቆአል። አየሁት። ይሁን እንጂ ደስታው እንዳይደፈርስ ብዬ «ግሩም ነው» አልሁት። በሳምንቱ ወደ ጊቤ ቁልቁል ሲወርድ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ጎማው ከቸርኬው ወጣ። ነፍሱ ተረፈች፤ በግራ እግሩ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም፤ ማየቴን አያውቅምና። ይህን ገጽ ሲያነብ ያውቃል።

ስለዚህ ለልጁ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። «ሞዞው መልካም ነው፤ ቸርኬው ግን ይገድልሃል» አልሁት። «ሻጩ እንደ አዲስ ነው ብሎኛል» ብሎ ፊቱን አጠቈረ፤ የቀረበለትንም ቡና ሳይጠጣ ወጣ። ባለቤቴም «ምን ነበር ቀስ ብለህ ብትነግረው!» ብላ ወቀሰችኝ፤ ወቀሳዋም እውነት ነበረው። እውነትን መናገር ግዴታ ቢሆንም አነጋገሩን ማሳመር ደግሞ ሌላ ግዴታ ነው።

ከዐሥር ቀን በኋላ ልጁ ተመለሰ። ሻጩን ተከራክሮ የሞዞውን ዋጋ ብቻ ከፍሎአል። እንደ ሞዞው 36 ቀዳዳ ያለው፥ በከተማችን የሚገኘውን ተራ ጎማ የሚቀበል አዲስ ቸርኬም ገዝቶ ሽቦውን ብስክሌት ጠጋኙ አስሮለታል። ያን ዕለት ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ ወገን የቀድሞ ዘመን ዕቃ ሁሉ ከዛሬው ይበልጣል እያለ ስንጥቁን ሳያይ ይሰግዳል፤ ሌላው ወገን አሮጌ ሁሉ ቅራቅምቦ ነው እያለ መልካሙን ሞዞ ከተሰነጠቀው ቸርኬ ጋራ ይጥላል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ሰዎች ከሁለታችንም ይሻላሉ፤ ሌላው የጣለውን ፈትተው የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ይለያሉና። ስለ ሰውም፥ ስለ መጽሐፍም፥ ስለ አባቶች ልማድም ስትፈርዱ እንዲሁ አድርጉ። ትንሹን ጉድለት ከሚገድለው ጉድለት ለዩ፤ መልካሙን በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ። ስንጥቅ ባያችሁ ጊዜ ግን፥ ወዳጃችሁ ቡናውን ሳይጠጣ ቢሄድም እንኳ፥ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ንገሩት።