የጠፋው ሥዕል

አንባቢ ሆይ! የኢኮኖሚ ዕድገት ማብቂያ ሊኖረው ይገባል የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ምን ይሰማዎታል? እኔን ለብዙ ጊዜ የሚሰማኝ ንዴት ነበር። ጠግቦ ያደረ ሰው የሚያወራው የጥጋብ ወሬ ይመስለኛል። አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ኢትዮጵያ በዓመት 10 በመቶ ገደማ አደገች በተባለባቸው ዓመታት ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ በኩራት እጽፍ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ በዚሁ ከቀጠለ በመቶ ዓመት ስንት እጥፍ ይሆናል?» አለኝ። አሰላነው፤ ከ13 ሺህ እጥፍ በላይ! ክፍሉ ሳቀ፣ ደወል ተደወለ፣ እኔም ተገላገልኩ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ዕድገትን መጠራጠር ድህነትን መመረቅ ስለሚመስለኝ ስሸሸው ኖርኩ።

ከዚህ ሽሽት የመለሰኝ የኸርማን ዴሊ «ቢዮንድ ግሮውዝ» (ከዕድገት ባሻገር) የተባለው መጽሐፍ ነው። የታተመው በ1996 ነው (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ)። በ2022 ያረፉት ደራሲ ከ1988 እስከ 1994 በዓለም ባንክ ሠርተዋል። ዋሽንግተን በሚገኘው በዚህ ባንክ ደጃፍ ስንት ተሳፋሪ እንዳወረድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

መግቢያው ላይ ያለው ታሪክ መጽሐፉን ለብቻው ያስገዛል። ባንኩ ስለ ልማትና አካባቢ ለሚያወጣው የ1992 ሪፖርት አንድ ሥዕል ተዘጋጀ። «ኢኮኖሚ» የሚል ሣጥን፣ የሚገባ ቀስት፣ የሚወጣ ቀስት፤ በቃ። ዴሊ ይህ ሣጥን የተቀመጠው የት ነው? ዙሪያውን ተፈጥሮ የሚባል ትልቅ ሣጥን ይሰመርበት አሉ። በሚቀጥለው ረቂቅ ትልቁ ሣጥን ተሰመረ፤ ስም ግን የለውም፣ የፎቶግራፍ ክፈፍ መሰለ። ደግመው አሳሰቡ። በሦስተኛው ረቂቅ ሥዕሉ ራሱ ጠፋ! ዙሪያው ከተሰመረ «ትንሹ ሣጥን እስከ ምን ድረስ ይሰፋል?» የሚለው ጥያቄ ይከተላላ። ያ ተማሪዬ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

ሌላው የያዘኝ፣ ከሚያተርፈው የሚያከስረው ስለሚበልጥ ዕድገት የጻፉት ነው። መንገድ ተዘግቶ ስንቆም የእኔ ሜትር ይቆጥራል። ተሳፋሪው ይከፍላል፣ ቤንዚኑ ይነዳል፣ ክፍያው በአገር ምርት ውስጥ ይደመራል፤ እኛ ግን ያው የቆምንበት ነን።

እኛ «ዕድገትና ልማት» እያልን አጣምረን የምንጠራቸውን ሁለት ቃላት ዴሊ ይለያዩአቸዋል። ዕድገት በመጠን መግዘፍ፣ ልማት በጥራት መሻሻል ነው። ድሆች ገና በመጠንም ማደግ አለባቸው፤ ስፍራ መልቀቅ ያለባቸው የጠገቡት ናቸው ይላሉ። ንዴቴ የበረደው እዚህ ላይ ነው። ለካ ልጁ ዳቦ አይጨመር አላለም፤ መሶቡ ልክ አለው ወይ ብሎ ነው የጠየቀው።

ይሁን እንጂ ሁሉንም አልተቀበልኳቸውም። ሀብታሙ ቢቆጠብ የተረፈው ለድሃው እንዴት ይደርሳል? እዚህ ላይ መጽሐፉ ይሳሳል። እዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ እኔ ለእናቴ የምልከው እንደሚቀንስ ከልምድ አውቃለሁ። ከዚህም በላይ ዴሊ ወደ አሜሪካ የሚገባው ስደተኛ ቁጥር እንዲገደብ የሚደግፉ ሰው ነበሩ። ስፍራ ይለቀቅለት የሚሉለትን ድሃ፣ ስፍራውን ፍለጋ ራሱ ሲመጣ በር ላይ ማስቆም ለእኔ አይዋጥልኝም። ለእርስዎስ?

እንግሊዝኛው አይከብድም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎችን ክርክር የያዙትን ገጾች ቢዘሉ ብዙ አይጎድልብዎትም፤ መግቢያውን ግን አይዝለሉ።