ሕዝብ የሚሠራው ካርታና የጂኦግራፊ ትምህርት፤ በመርጡለ ማርያም ምሳሌነት

ተማሪ ካርታን የሚማረው ካርታ በመሥራት ነው የሚለው አሳብ ዛሬ ብዙ ተቃዋሚ የለውም። ማንም ሰው ሊያርመው የሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሮችን ለዚሁ ሥራ የሚያሰባስበው ዩዝ ማፐርስም በ2015 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ወዲህ፣ ተማሪው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ቤቱንና መንገዱን እየለየ ይሥላል። ይህ ዐይንን እንደሚያሠለጥን አልክድም። ሥራው በዚያ ካበቃ ግን ጂኦግራፊ መማር ሳይሆን ሥዕል መገልበጥ ነው እላለሁ።

መርጡለ ማርያምን ለምሳሌ እንውሰድ። የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ወረዳውን በሰሜንና በምሥራቅ ዐባይ ያዋስነዋል። ሳተላይቱ ገደሉንና ማሳውን ያሳያል እንጂ አገሩ ስለ ምን ሳር ምድር እንደ ተባለ አይናገርም። መስኩ የት ነበር? ዛሬስ ምን ይዘራበታል? ይህን የሚጠየቁ ሽማግሌዎችና እረኞች ናቸው፤ ተማሪው ከነርሱ ጋር በእግሩ እየሄደ የምንጩንና የቁልቁለቱን ስም መመዝገብ አለበት። ስሙም በራሳችን ፊደል ይጻፍ። ቻርለስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1847 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ ባሳተመው ጽሑፍ «ማርቱላ» ብሎታል፤ በግዕዝ አዳራሽ ወይም ድንኳን ማለት የሆነው «መርጡል» ከ«ጠ»ው ጋር ትርጕሙንም አጣ።

ከሁሉ ይልቅ መምህራን ሊያስቡበት የሚገባው የወሰን ነገር ነው። በጎጃም የመሬት ልኬታ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1967 እ.ኤ.አ. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ልኬታው ርስታችንን ያሳጣናል የሚለው ሥጋት በሚቀጥለው ዓመት ለተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ አንዱ ምክንያት ነበር። በአማራ ክልል ከ2003 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የይዞታ ደብተር ሲሰጥም፣ ገበሬዎች ራሳቸው የመረጡት ኮሚቴ ጎረቤትን ምስክር እያደረገ በገመድ መለካቱ ያለ ነገር አልነበረም። እንግዲህ አንድ ተማሪ ስልኩን ይዞ ማሳ እየዞረ መስመር ቢያሰምር ምን ይከተላል? የስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. በገላጣ ቦታ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። ወርዱ 10 ሜትር ለሆነ ማሳ ይህ እኩሌታው ነው! ሒሳቡ ራሱ ስለ ልክና ስለ ስሕተት ብዙ ያስተምራል፤ ቢሆንም በትምህርት ቤቱ ግቢ ይሞከር እንጂ በሰው ወሰን ላይ አይሞከር።

ተማሮች ምንጩን፣ የእግር መንገዱን፣ ገበያውንና የጎርፉን መውረጃ ይሣሉ፤ የማሳውን ወሰን ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ይተዉለት። ካርታው ሲያልቅም ስሞቹን በነገሩት ሰዎች ፊት ተዘርግቶ በነርሱ ይታረም። ኮምፒዩተር የት ይገኛል የሚል መምህር ቢኖር፣ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ የታተመ የሳተላይት ፎቶግራፍ፣ ስስ ወረቀትና እርሳስ ይበቁታል።