የዘጠነኛ ክፍል ዝምታ፤ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ስለ እንግሊዝኛ አስተማር የቀረበ ሂስ

ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚሄድ መንገደኛ የአዲስ አበባ ወሰን የት ላይ እንዳበቃ ሳያስተውል ያልፈዋል። ተማሪ ግን ያውቀዋል። ከወሰኑ ወዲህ በአዲስ አበባ መስተዳድር ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ሒሳቡንና ሳይንሱን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ከወሰኑ ወዲያ በኦሮሚያ ትምህርት ቤት የገባው ጎረቤቱ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምሮ፥ በ9ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ከእንግሊዝኛ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። ሁለቱም በ12ኛ ክፍል የሚቀመጡት ለአንድ ፈተና ሲሆን፥ የአብዛኛው ትምህርት ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታም፥ በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታም ከዚህ ዕጣ ውጭ አይደሉም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ የቋንቋው ወሰን ግን እንደ ነበረ ነው።

ለዚህ ችግር ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሲታዘዝ እንሰማለን። አንደኛው እንግሊዝኛን ማስተማሪያ የማድረጉን ጊዜ ወደ ታች ማውረድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ መከልከል ነው።

ስለ አንደኛው ብዙ አንልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል፤ ስለዚህ ልጁ ከቋንቋው ጋር ለስምንት ዓመት ያህል ኖሯል ማለት ነው። ደግሞም ካትሊን ሂዩና ባልደረቦችዋ በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት አጥንተው በ1999 ዓ.ም. ያቀረቡት ጽሑፍ፥ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተዛወሩት በ8ኛ ክፍል ምዘና የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል። ቶሎ መጀመርና በሚገባ ማወቅ አንድ ነገር አይደሉም።

የምንነቅፈው ይልቁንም ሁለተኛውን ነው። እኛ ራሳችን በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የተናገረ ተማሪ ስሙ በወረቀት ተመዝግቦ ዓርብ ዓርብ ይነበብ ነበር። ክልከላው እንግሊዝኛ አናጋሪ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ያተረፍነው ግን ዝም ማለትን ነው። ጥያቄ ያለው ልጅ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አሰካክቶ እስኪጨርስ ደወሉ ይደወላል፤ ስለዚህ አለመጠየቅን ይመርጣል። መምህሩም ጸጥታውን አይቶ ትምህርቱ የገባን ይመስለው ነበር።

ይኸው ስሕተት በሰፊው የተሞከረው ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባው፥ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ በሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ነው። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ያለው መምህር ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስዳል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሴኮንድ ጠብቆ መልሱን ራሱ ይናገራል። በክፍሉ ያለው መምህር ማቆም አይችልም፥ ወደ ኋላ መመለስም አይችልም። እንግሊዝኛው ጥሩ እንግሊዝኛ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ጥሩ እንግሊዝኛን መስማት ብቻ ቢያስተምር ኖሮ ፊልም የሚያዘወትር ሁሉ ሊቅ በሆነ ነበር።

እነዚህ አስተያየቶች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ተማሪው ባዶ እጁን አይመጣም። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል፥ ማለት በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ የሦስቱ ከተሞች ልጅ የእንግሊዝኛውን ፊደላት ቅርጽ ከእናቱ ቋንቋ ያውቃቸዋል። ድምፃቸው ግን ሌላ ነው። «ኤክስ» የተባለችው ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት፤ «ሲ» ደግሞ «ጭ» ናት። እንግዲህ ስድስት ቁጥርን በእንግሊዝኛ ሲያነብ «ሲጥ»፥ ድመትን «ጨት» ቢል አላዋቂነት አይደለም፤ የተማረውን በትክክል መጠቀሙ ነው። በቁቤ አንድ አናባቢ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ድምፁ ይረዝማል እንጂ አይለወጥም፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛውን «ሙን» በረጅሙ «ሞን» ይለዋል።

በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ደግሞ በአማርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ ይቀመጣል፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቡራዩ የተሻገረም አለ። ይህኛው በሌላ በኩል ይሳሳታል። ሁለት ተነባቢ በመነሻ ሲገጥሙበት «እ»ን አስቀድሞ «እስኩል» ይላል። የሁለቱ ልጆች ስሕተት የተለያየ ሲሆን፥ ቀይ እስክሪብቶው ግን አንድ ዓይነት ጭረት ያሰምርባቸዋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ቢኖር፥ ፊደልም ሆነ ቁቤ እንደሚነገረው የሚጻፍ መሆኑ ነው (ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አለመለየቱን ለጊዜው እንተወው)። እንግሊዝኛ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ይህንንም ለልጁ በግልጽ የሚነግረው ሰው እምብዛም አይገኝም።

ይህን የተረዳ መምህር ምን ያደርጋል? የባዮሎጂ መምህር ስለ ዕፅዋት ሊያስተምር ሲገባ፥ አስቀድሞ የዕለቱን ስድስት ወይም ሰባት ቃላት በጥቁር ሰሌዳው ላይ በሦስት ዓምድ ይጽፋል፤ በመጀመሪያው የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ፥ በሁለተኛው ድምፁን፥ በሦስተኛው ልጆቹ ራሳቸው የሚሰጡትን ስም። «ሩት» በሚለው አንጻር አንዱ «ሂዳ» ይላል፥ ሌላው «ሥር» ይላል። ልጁ ሥር ውሃ እንደሚስብ በ8ኛ ክፍል ተምሮታል፤ የጠፋው ነገሩ ሳይሆን ስሙ ነው። ቀጥሎ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ሁለት ሁለት ሆነው በፈለጉት ቋንቋ ይከራከሩበታል፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ይጽፉታል፥ ለዚህም መምህሩ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ይሰጣቸዋል፥ እነርሱ ይጨርሱታል። ማሰቡ በቤት ቋንቋ፥ ማስረከቡ በእንግሊዝኛ ይሆናል።

«የቡድን ሥራ ተሞክሮ የለምን?» የሚል ይኖራል። ተሞክሯል፤ በየትምህርት ቤቱ ተስፋፍቶ የነበረው «አንድ ለአምስት» ነው። ነገር ግን ጎበዙ መልሱን ይሠራል፥ የቀሩት ይገለብጣሉ፤ ሪፖርቱ ላይ ስድስቱም ተሳትፈዋል። ሁለት ልጆች ሲሆኑ ግን መደበቂያ የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ መምህሩ ኦሮምኛ የማያውቅ ቢሆንስ? ለዚህ አሠራር ማወቁ ይረዳል እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ሦስተኛውን ዓምድ የሚሞሉት ተማሮቹ ናቸው፥ እርሱ የሚያርመው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ነው። እንዲያውም ሁለት ቃል ከተማሮቹ የተማረ መምህር ሲሳሳት ያዩት ልጆች፥ እነርሱም ለመሳሳት ድፍረት ያገኛሉ።

በመጨረሻ ፈተናው ይነሣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በቋንቋ ላይ መጫን አይገባም፤ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው። ሆኖም ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ዕውቀቱን የሚያሳይበት ቀዳዳ የለውም። «ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለቤት ቋንቋ ጊዜ የለንም» ለሚሉት የምንመልሰው፥ ከ9ኛ ክፍል እስከ ፈተናው አራት ዓመት አለ ብለን ነው። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያው መንፈቅ ለዚህ ሥራ ቢሰጥ የሚጎድሉት የመጽሐፉ ጥቂት ምዕራፎች ናቸው፤ እነርሱንም ቢሆን ዛሬ ተማሪው ከሰሌዳ ወደ ደብተሩ ይገለብጣቸዋል እንጂ አያነባቸውም።