ፊቱ የማይታይ ጀግና፦ የ«ማስ ኢፌክት» ኮሚኮች እና የተጫዋቹ ምርጫ

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የወጣው «ማስ ኢፌክት 2» ገና ሲጀምር ኮማንደር ሸፐርድ ይሞታል፤ ወይም ትሞታለች። ጾታውንም መልኩንም የሚወስነው ተጫዋቹ ስለሆነ ሁለቱም ልክ ነው። የካናዳው ባዮዌር ከ2007 ጀምሮ ይህን የሳይንስ ልቦለድ ጌም ያቆመው በዚህ ነጻነት ላይ ነው። ለኮሚክ ሠዓሊ ግን ነጻነቱ ፈተና ነው። አንዱን ፊት መርጦ ከሣለ፣ በሌሎች ተጫዋቾች እጅ የተፈጠሩትን ሸፐርዶች ሁሉ ይሽራል።

የኮሚክ አሳታሚው ዳርክ ሆርስ በዚያው ወር ማሳተም የጀመረው ባለ4 ክፍሉ ኮሚክ «ሪደምፕሽን» ፈተናውን በብልሃት አልፎታል። ታሪኩ የማክ ዋልተርስ፣ ስክሪፕቱ የጆን ጃክሰን ሚለር፣ ሥዕሉ የኦማር ፍራንሲያ ነው። ጌሙ ከሸፐርድ ሞት በኋላ ሁለት ዓመት ይዘልላል፤ ኮሚኩ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ጀግናው እዚህ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለ አስከሬን ነው። የመረጃ ነጋዴው ሻዶው ብሮከር ለጠላት ሊሸጠው ይደራደርበታል፤ ሰርበረስ የተባለው ድርጅትም ዳግም ሕይወት ሊዘራበት ይፈልገዋል። በመካከል የቆመችው ሊያራ ትሶኒ ናት፤ በመጀመሪያው ጌም ቁፋሮ ላይ ያገኘናት ዓይን አፋር ተመራማሪ። አሁን ማንን ማመን እንዳለባት በማታውቅበት ዓለም ፌሮን ከሚባል ሰላይ ጋር ትጓዛለች። በመጨረሻ አስከሬኑን ለሰርበረስ አሳልፋ ትሰጣለች፤ ፌሮን ደግሞ በሻዶው ብሮከር እጅ ይቀራል።

የሚዲያ ምሁሩ ሄንሪ ጄንኪንስ በ2006 ባሳተመው «ኮንቨርጀንስ ካልቸር»፣ በብዙ ሚዲያ የሚተረክ ታሪክ እያንዳንዱ ሚዲያ የራሱን ልዩ ድርሻ ሲያዋጣ እንደሚያምር ይሞግታል። የ«ሪደምፕሽን» ድርሻ ምርጫን መንፈጉ ይመስለኛል። በጌሙ ከባድ ውሳኔ ሲመጣ ታሪኩ ቆሞ ተጫዋቹን ይጠብቃል። እዚህ የሚጠብቀን የለም። ሊያራ ብቻዋን ወሰነች፤ እኛ ገጹን ከመግለጥ በቀር ሥልጣን የለንም። ሌላው ሁሉ በተጫዋቹ ፈቃድ በሚሄድበት ዓለም የሸፐርድ ዳግም ሕይወት በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ መቆሙ ትልቅ ሐሳብ ነው።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። ኮሚኩን ያላነበበ ተጫዋች ሊያራን ኢሊየም በተባለችው ፕላኔት ሲያገኛት፣ ቢሮዋ ተቀምጣ ደንበኛ የምታስፈራራ ሴት ሆና ትጠብቀዋለች። ለውጡን በንግግር ይነግሩታል እንጂ አላየውም። በ2010 መስከረም የወጣው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ፌሮንን ሊያስፈታ ሲነሳም፣ ላነበበው የቆየ ዕዳ፣ ላላነበበው የእንግዳ ሰው ጉዳይ ነው።

በ2011 ለፕሌይስቴሽን 3 የቀረበው «ጄነሲስ» ተቃራኒውን ሞከረ። የመጀመሪያው ጌም በዚያ መሣሪያ ላይ ስላልነበረ፣ ያለፈውን ታሪክ በኮሚክ እያሳየ ተጫዋቹን ያስመርጣል። ቨርማየር በተባለችው ፕላኔት ላይ ከሸፐርድ ባልደረቦች ከአሽሊና ከኬይደን አንዳቸው መሞት አለባቸው። በጌሙ ይህ የሚመጣው ከሁለቱም ጋር ብዙ ሰዓት ካሳለፍን በኋላ ነው፤ በ«ጄነሲስ» የሁለቱ ሥዕል ይቀርባል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ አንዱ ይሞታል። ሐዘኑ የተገነባው በትውውቅ ነበርና አብሮ ቀርቷል። እንደ መረጃ ማሟያ ይጠቅማል፤ እንደ ድርሰት ግን ምርጫ ከነፈገው «ሪደምፕሽን» እጅግ ያነሰ ነው።

ተከታታዩን አሁን የሚጀምር አንባቢ የሁለተኛውን ክፍል መክፈቻ ይጫወት፤ ከዚያ ኢሊየም ሳይደርስ «ሪደምፕሽን»ን ያንብብ።