ተነቦ የማያልቅ ፋይል

ሊኑክስ ውስጥ አብልጬ የምወደው ፋይል ዲስክ ላይ የለም። «ፕሮክ» በሚባለው ማውጫ ሥር «ዩዩአይዲ» ተብሎ ተቀምጧል። ባነበቡት ቁጥር ከርነሉ እዚያው አዲስ መለያ ያወጣል፤ የቀድሞውን አይመዘግብም፣ ከማንም ጋር አይማከርም። ከ128ቱ ቢት 6ቱ የመለያውን ዓይነት ይናገራሉ፤ የቀሩት 122ቱ ዕጣ ናቸው። ዕጣው እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ማሽኖች አንድ መለያ ያወጣሉ ብሎ መስጋት ከንቱ ነው (የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ እርግጥ)። የፕሮሰስ ቁጥር እንዲህ አይታመንም፤ ጣሪያው ሲደርስ ተመልሶ የሞቱትን ቁጥር ለአዲሶች ያድላል። የዩዩአይዲ ፋይል ጎረቤት የሆነው «ቡት አይዲ» ደግሞ አንዴ ከወጣ ማሽኑ ዳግም እስኪነሳ አይለወጥም። የሲስተምዲ ጆርናል የዛሬውን መዝገብ ከቀደመው መነሳት የሚለየው በእሱ ነው።