ጃፓንኛ ለማን ይከብዳል?

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሥራ የሚበቃ ችሎታ እስኪይዝ የሚፈጅበትን ጊዜ እየገመተ ቋንቋዎችን በደረጃ ይከፍላል። ለአማርኛ 44 ሳምንት ሲመድብ፣ ለጃፓንኛ እጥፉን፣ 88 ሳምንት ወይም ወደ 2,200 የክፍል ሰዓት ይሰጣል። ለበጀትና ለምደባ ሥራ ጥሩ ሠንጠረዥ ነው። ችግሩ ግምቱ የቋንቋው ባሕርይ ተደርጎ ሲጠቀስ ይጀምራል። ስለ ጃፓንኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ተማሪው ይዞት የመጣውን ሸክም ከቋንቋው ሸክም አይለይም።

ሰዋስውን እንውሰድ። ግሱ ዐረፍተ ነገሩን መዝጋቱና ገላጩ ሐረግ ከስሙ መቅደሙ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው የግርምቢጥ ዓለም ነው። «ትናንት ከገበያ የገዛሁትን መጽሐፍ አነበብኩት» ለሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን ይህ ቅደም ተከተል እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን እኛም አንኩራራ። አማርኛ ባለቤቱን የሚያስቀረው ግሱ ስለሚሸከምለት ነው፤ «መጣች» ስንል መደቡም ጾታውም ቁጥሩም ታውቋል። የጃፓንኛ ግስ ከእነዚህ አንዱንም አይናገርም። አድማጩ የተነሣው ሰው ማን እንደሆነ የሚደርስበት ከሁኔታው፣ ከአክብሮት ቅርጾቹና ከመስጠት ግሶቹ ነው፤ ወደ ተናጋሪው ወገን የመጣ ስጦታና ከእሱ ወደ ሌላ የሄደ ስጦታ በተለያየ ግስ ይነገራሉ። አንቱታ የለመደ ሰው ሌላውን ከፍ ማድረግ ያውቅበታል። ራስንና የራስን ወገን፣ የገዛ አለቃን ሳይቀር፣ በእንግዳ ፊት ዝቅ የሚያደርግ ግስ ግን ለአማርኛ ተናጋሪውም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም አዲስ ነው።

ጽሕፈቱ ላይ ስንደርስ ክብደቱ እውነተኛ ነው። ድምፅ የሚወክሉት ሁለቱ የጽሕፈት ሥርዓቶች፣ ሂራጋናና ካታካና፣ ፊደል ለቆጠረ ሰው የሳምንታት ጉዳይ ናቸው። ከቻይና ለመጡት ምልክቶች፣ ለካንጂ፣ ግን የጃፓን መንግሥት በ2010 ያደሰው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዘወትር አገልግሎት ዝርዝር ብቻ 2,136 ምልክቶች አሉት። አንዱ ምልክት ከቻይና በመጣ ቃል ውስጥ አንድ ድምፅ፣ በሀገር በቀሉ ቃል ውስጥ ሌላ ድምፅ ይኖረዋል። የጃፓን ልጆች ራሳቸው ይህን ሲማሩ ዘጠኙ የግዴታ ትምህርት ዓመታት ያልቃሉ።

ለዚህ ክብደት ሁለት እርስ በርስ የሚቃረኑ መልሶች ተሰጥተዋል። ጄምስ ሃይሲግ በ1977 ባወጣው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ካንጂ አንድ የእንግሊዝኛ ቃልና ምናባዊ ታሪክ ሰጥቶ፣ ንባቡን ለሌላ ቅጽ አቆየው። ኤሊኖር ጆርደን ደግሞ ከማሪ ኖዳ ጋር በ1987 ባሳተመችው የመማሪያ መጽሐፍ ንግግርን አስቀድማ፣ በላቲን ፊደል አስተማረች። እኔ የማደላው ለጆርደን ነው፤ ቋንቋ አስቀድሞ ድምፅ ነውና። የሃይሲግን የመጀመሪያ ቅጽ የጨረሰ ሰው ሁለት ሺሕ ያህል ምልክቶች ለይቶ፣ አንድ የጃፓንኛ ዐረፍተ ነገር ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ላይችል ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ተማሪውን ለረጅም ጊዜ ከእንግሊዝኛ ጥላ አያስወጡትም፤ አንዱ በትርጉም፣ ሌላዋ በፊደል።

ከእነሱ በፊት ንግግርና ንባብ አብረው የተሰጡበት ቦታ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጃፓንኛ ትምህርት ቤት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ ከካሊፎርኒያ ወደ ቦልደር፣ ኮሎራዶ የተዛወረው ጃፓናውያንና የጃፓን ተወላጅ አሜሪካውያን ከምዕራብ ጠረፍ እንዲወጡ በመታዘዙ ነው፤ አብዛኞቹ መምህራን ደግሞ ከእነሱ ወገን ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ዝና ሲነሣ የተመረጡት ተማሪዎች ጉብዝና ይወሳል፤ ወገኖቻቸው በካምፕ ታግተው እነሱ የሚያስተምሩት መምህራን ግን እምብዛም በስም አይጠሩም። ከምሩቃኑ አንዱ፣ ኋላ ታላቅ የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ምሁርና ተርጓሚ የሆነው ዶናልድ ኪን፣ በጦርነቱ ጊዜ ከጃፓን ወታደሮች የተገኙ በእጅ የተጻፉ የዕለት ማስታወሻዎችን ያነብ ነበር። እንዲህ ያለ ማስታወሻ በማተሚያ ፊደል ቢገለበጥ የሃይሲግ ተማሪ ምልክቶቹን ይለያቸው ይሆናል፤ የጆርደን ተማሪም ሰው ቢያነብለት ይሰማው ይሆናል።